የቦነስ አይረስ የዳርቻ ባቡሮች ወደ ግል ሲዛወሩ ውሉ ያላየው ነገር

የአንድ ከተማ ባቡር «ወደ ግል ተዛወረ» ሲባል ብዙ ሰው የሚገባው ተሸጠ ተብሎ ነው። በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ የሆነው ግን ሽያጭ አልነበረም። ሐዲዱም፣ ጣቢያውም፣ ፉርጎውም፣ መሬቱም የመንግሥት ንብረት ሆኖ ቀርቷል። ለግል ኩባንያዎች የተሰጣቸው ባቡሮቹን ለተወሰኑ ዓመታት የማንቀሳቀስ፣ ትኬት የመሸጥና የመጠገን ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ውል ኮንሴሽን ይባላል። ቤት ከመከራየት ብዙም አይለይም፤ ተከራዩ ይኖርበታል፣ መስኮት ቢሰበር ያሠራል፤ ጣሪያው ሲያረጅ የሚቀይረው ማን እንደሆነ በውሉ ካልሰፈረ ግን ክረምቱ ሲገባ ባለቤቱም ተከራዩም እጃቸውን ይሰበስባሉ። ቦነስ አይረስ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ዋጋው የተከፈለው ግን በሰው ሕይወት ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ሰባት መስመር፣ ሦስት ዓይነት ሐዲድ

በከተማዋና በዙሪያዋ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል። በየማለዳው ከዳርቻ ወደ መሃል የሚጎርፈውን ሠራተኛ የሚያመላልሱት ሰባት መስመሮች ናቸው፦ ሚትሬ፣ ሳርሚየንቶ፣ ሮካ፣ ሳን ማርቲን፣ ሰሜን ቤልግራኖ፣ ደቡብ ቤልግራኖ እና ኡርኪሳ። አብዛኞቹን የዘረጓቸው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ በራሱ ልክ ነው የሠራቸው። በመጀመሪያዎቹ አራት መስመሮች በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1,676 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ ቤልግራኖዎች 1,000፣ በኡርኪሳ ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው።

ኤሌክትሪኩም አንድ ዓይነት አይደለም። ሚትሬና ሳርሚየንቶ ከሐዲዱ ጎን በተዘረጋ ሦስተኛ ብረት 800 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኃይል ይወስዳሉ። በሮካ መስመር ከ1985 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ባቡሮች 25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ያገኛሉ። ኡርኪሳም ሦስተኛ ብረት አለው፤ የቀሩት በናፍጣ ይሠራሉ። ሳርሚየንቶ ላይ ፉርጎ ቢጎድል ከሮካ ተበድሮ መሙላት አይቻልም፤ የሐዲዱ ስፋት አንድ ቢሆንም ኃይሉ አይገጥምም። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር የራሱን ጋራዥ፣ የራሱን መለዋወጫ መጋዘንና የራሱን መካኒኮች ይፈልጋል። አንዱ መስመር ሲዳከም ሌላው ሊደግፈው የማይችልበት መረብ ነው፤ የማሻሻያ ወጪው ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ የሚሆንበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ጨረታው እንዴት ተካሄደ

መንግሥት በ1948 ባቡሮቹን ከውጭ ኩባንያዎች ገዝቶ ለአርባ ዓመታት ያህል ራሱ አስተዳደራቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አገሪቱ በዋጋ ንረት ስትናጥ የባቡር ድርጅቱ ኪሳራ የመንግሥትን በጀት ከሚያደሙት አንዱ ነበር። በ1989 የወጣው የመንግሥት ማሻሻያ ሕግ ወደ ግል የማዛወሩን በር ከፈተ። በ1991 የዳርቻ መስመሮቹ ከአገር አቀፉ ድርጅት ተነጥለው ፌሜሳ ለተባለ ጊዜያዊ የመንግሥት ኩባንያ ተሰጡ። የፌሜሳ ተግባር ጨረታው እስኪጠናቀቅ ባቡሮቹን ማንቀሳቀስ ነበር።

የጨረታው አሠራር በራሱ ብልህ ነበር ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ መንግሥት በየመስመሩ በሰዓት ስንት ባቡር መሄድ እንዳለበት፣ የትኬቱ ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ የተሰረዙና የዘገዩ ጉዞዎች ከምን ያህል መብለጥ እንደሌለባቸው ወሰነ። ቀጥሎ መሠራት ያለባቸውን የእድሳት ሥራዎች ዘረዘረ፤ ገንዘቡን የሚከፍለው መንግሥት፣ ሥራውን የሚያሠራው ኩባንያው ነው። ተጫራቹ ሁለት ነገር ያቀርባል፦ ባቡሩን ለማንቀሳቀስ በየዓመቱ የሚፈልገውን ድጎማ (ትርፍ አገኛለሁ ካለ ደግሞ ለመንግሥት የሚከፍለውን) እና ለእድሳት ሥራዎቹ የሚጠይቀውን ዋጋ። የየዓመቱ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመንዝሮ ይደመራል። ከመንግሥት ትንሹን የጠየቀ ያሸንፋል።

ኡርኪሳ ከከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ጋር ተጣምሮ ሜትሮቪያስ ለተባለ ኩባንያ በ1994 መጀመሪያ ለ20 ዓመት ተሰጠ። ሌሎቹ መስመሮች በ1994 እና በ1995 ለ10 ዓመት ተሰጡ። ከአውቶቡስ ንግድ የመጡ ባለሀብቶች ያቋቋሙት ትሬነስ ደ ቦነስ አይረስ፣ በምኅጻሩ ቴቤአ፣ በግንቦት 1995 ሚትሬንና ሳርሚየንቶን ተረከበ። አዲሶቹ ኩባንያዎች የሚፈልጉትን ሠራተኛ መርጠው ቀጠሩ፤ የቀሩትን የአገልግሎት ካሣ ከፍሎ ያሰናበተው መንግሥት ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ የተደበቀ አንድ ድክመት አለ። ትንሽ ድጎማ የጠየቀ የሚያሸንፍ ከሆነ፣ የተሳፋሪ ቁጥር በጣም ይጨምራል ብሎ የተመኘ ተጫራች ተጠንቅቆ ካሰላው ይቀድማል። ምኞቱ ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ መንግሥት ባቡሩን ማቆም ስለማይችል ተቀምጦ መደራደር ግድ ይሆንበታል። ይህን አካሄድ ተጫራቾች በሁሉም አገር ያውቁታል።

መጀመሪያ ላይ ለምን ሠራ?

እስከ 1999 ድረስ የተሳፋሪው ቁጥር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ጉዞዎች በሰዓታቸው መነሳት ጀመሩ፣ ጣቢያዎች ተጠረጉ፣ በር ላይ ተቆጣጣሪ ቆመ። ይህ የማይካድ ውጤት ነው።

ምክንያቱን በትክክል መረዳት ግን ያስፈልጋል። የመንግሥቱ ድርጅት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ብዙ ፉርጎ በትንሽ ብልሽት አቁሞ ነበር፤ መለዋወጫ ገዝቶ መስመር ላይ መመለስ በወራት የሚጠናቀቅ ሥራ ነው። ትኬት ሳይቆርጥ የሚሳፈረው ሰው ብዙ ስለነበር በር መቆጣጠር ብቻውን ገቢ አመጣ። ኢኮኖሚውም እያደገ፣ ሥራ ያለው ሰው እየበዛ ነበር። ይህ ሁሉ ያለውን ንብረት በአግባቡ የመጠቀም ውጤት ነው። ፉርጎው ግን ያው አሮጌው ፉርጎ ነው። በሳርሚየንቶ የሚሄዱት በጃፓን የተሠሩት የቶሺባ ፉርጎዎች በዚያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ተሳፋሪው ከተጠበቀው በላይ ሲበዛ ውሉ እንደገና ለድርድር ቀረበ። ኩባንያዎቹ አዳዲስ ፉርጎ እንገዛለን፣ ለሾፌሩ ሂድ ወይም ቁም የሚሉትን የመብራት ምልክቶችና ጣቢያዎቹን እናድሳለን አሉ፤ በምላሹ የውሉ ዘመን እንዲረዝምና ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ጠየቁ። ጣሪያውን ማን ይቀይር የሚለው ጥያቄ መልስ ሊያገኝ የተቃረበው በዚህ ድርድር ነበር። ገንዘቡ ይመጣል የተባለው ከመጪው የታሪፍ ጭማሪ ነውና ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ታሪፉ ላይ ነበር።

2002፦ ታሪፉ ቆመ፣ ወጪው አልቆመም

ከ1991 ጀምሮ አንድ ፔሶ አንድ ዶላር ነበር። በጥር 2002 ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ዶላር ከሦስት ፔሶ በላይ ሆነ። መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ አውጥቶ የሕዝብ አገልግሎት ታሪፎችን አገደ። ሕዝቡ ደሞዙን አጥቶ ሳለ የባቡር ዋጋ መጨመር አይታሰብም ነበር፤ ውሳኔው በዚያ ሰዓት ትክክል ነው። ስህተቱ ጊዜያዊው እገዳ አሥር ዓመት መቆየቱ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጥቂት ጭማሪ ቢደረግም ከዋጋ ንረቱ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከውጭ በ1,000 ዶላር የሚገዛ የኮምፕረሰር (የአየር ማመቂያ) ዕቃ ትናንት 1,000 ፔሶ ያወጣ ነበር፤ ዛሬ ከ3,000 ፔሶ በላይ ይፈልጋል። ትኬቱ ግን ትናንት በነበረበት ዋጋ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት መንግሥት ድጎማ ጨመረ፤ ድጎማውም ከዓመት ዓመት እየገዘፈ ሄዶ የኩባንያዎቹ ዋና ገቢ ሆነ። የድጎማው ስሌት በዋናነት የተመሠረተው በደሞዝና በሌሎች የማንቀሳቀሻ ወጪዎች ላይ ነበር። ደሞዝ ካልተከፈለ ሠራተኛው ሥራ ያቆማል፤ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ካልተከፈለ ባቡሩ ይቆማል። ጥገና ግን ዛሬ ቢቀር ነገም ባቡሩ ይነሳል። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ምንጊዜም ይህ ነው።

የተቆረጠ ጥገና ለምን ቶሎ እንደማይታይ ለመረዳት ፍሬኑን መመልከት ይበቃል። በእነዚህ ባቡሮች ላይ ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። ኮምፕረሰሩ አየር ያምቃል፣ ጋኑ ያጠራቅመዋል፤ ሾፌሩ እጀታውን ሲያዞር አየሩ በየፉርጎው ወዳለው ሲሊንደር ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑም የፍሬን ሸራውን በብረት ጎማው ላይ ይጫናል። ስምንት ፉርጎ ባለው ባቡር ላይ ኮምፕረሰሮች ብዙ ናቸው። አንዱ ቢቃጠል የቀሩት ይሸፍኑለታል፤ ባቡሩ በሰዓቱ ይነሳል፣ በሰዓቱ ይደርሳል። ሁለተኛው ሲበላሽ ጋኑ ለመሙላት የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል፤ የቀሩት ኮምፕረሰሮችም ያለ ዕረፍት እየሠሩ ቶሎ ያረጃሉ። የአንድ ፉርጎ ሲሊንደር አየር ሲያፈስ መካኒኩ ቧንቧውን ዘግቶ ያን ፉርጎ ያለ ፍሬን ይለቀዋል፤ የመቆሚያው ርቀት በጥቂት ሜትሮች ይጨምራል። መለዋወጫ ሲጠፋ ከቆመ ፉርጎ አውልቆ መግጠም ይጀመራል፤ የቆሙት ፉርጎዎች ይበዛሉ፣ የሚሄዱት ይጨናነቃሉ፣ ክብደቱም በተዳከመው ፍሬን ላይ ይጫናል።

ውሉ የሚለካው ስንት ባቡር ተነሳ፣ ስንቱ በሰዓቱ ደረሰ የሚለውን ነበር። ከላይ የተዘረዘረው ብልሽት ሁሉ በዚህ መለኪያ ውስጥ አይገባም። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር የቴቤአን የጥገና ጉድለት ደጋግሞ በጽሑፍ አሳውቋል፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ቅጣት ይጽፍ ነበር። ቅጣቱ ግን የተበላሸውን ፉርጎ ከመስመር አያወጣም።

ኦንሴ

የካቲት 22 ቀን 2012፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ ከ1,000 በላይ ሰው የጫነ የሳርሚየንቶ ባቡር መሃል ከተማ ወደሚገኘው ወደ መጨረሻው ጣቢያ ወደ ኦንሴ ገባ። መቆም በነበረበት ቦታ ሳይቆም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ፍጥነት ከሐዲዱ ጫፍ መግቻ ጋር ተጋጨ። 51 ሰዎች ሞቱ፣ ከ700 በላይ ቆሰሉ።

20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብስክሌት የሚሄድበት ፍጥነት ነው። ያን ያህል ሰው ለምን ሞተ? ጣቢያው የመስመሩ መጨረሻ በመሆኑ ተሳፋሪው ቶሎ ለመውጣት ባቡሩ ሳይቆም ወደ ፊተኞቹ ፉርጎዎች ይሰበሰብ ነበር፤ ብዙው ሰው ቆሞ ነበር። የሐዲዱ ጫፍ መግቻ ግጭቱን በሃይድሮሊክ ውጦ ማለዘብ ሲገባው አይሠራም ነበር። አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ደግሞ በግጭት ጊዜ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዳይገባ የሚያግድ ዘመናዊ አካል አልነበራቸውም፤ ሁለተኛው ፉርጎ ወደ መጀመሪያው ስድስት ሜትር ያህል ሰምጦ ገባ። አብዛኞቹ የሞቱት በዚያ ስድስት ሜትር ውስጥ ነው።

በታኅሣሥ 2015 ፍርድ ቤቱ ሾፌሩን፣ የኩባንያውን ኃላፊዎችና ሁለት የቀድሞ የትራንስፖርት ባለሥልጣናትን ጥፋተኛ ብሎ በእስራት ቀጣ። ሦስቱም ወገን በአንድ መዝገብ መቀጣታቸው ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ባቡሩን የነዳው፣ ሳይጠግን ያሰማራው፣ እያየ ድጎማ የከፈለው በአንድ ሰንሰለት ላይ ያሉ ናቸው።

የቴቤአ ውል ከአደጋው ሦስት ወር በኋላ ተሰረዘ። ነገር ግን በሰኔ 2013 በዚያው መስመር ካስቴላር አጠገብ አንድ ባቡር የቆመን ባቡር ከኋላ ገጭቶ ሦስት ሰው ሞተ፤ በጥቅምት ደግሞ ሌላ ባቡር ኦንሴ ላይ መግቻውን ጥሶ ወጣ። አስተዳዳሪው ሲቀየር ፉርጎውና የምልክት ሥርዓቱ አብረው አልተቀየሩም ነበር። ሾፌር ቀይ መብራት ቢያልፍ ባቡሩን በራሱ የሚያቆመው መሣሪያ መስመሩ ላይ አልተተከለም ነበር። አንድ አደጋ በሾፌር ስህተት ደረሰ ሲባል መጠየቅ ያለበት ስህተቱን የሚያርም መሣሪያ ለምን እንዳልነበረ ነው።

ማሻሻል ሲባል ምን ምን ይጨምራል

መንግሥት በ2013 ከቻይናው ሲኤስአር ሲፋንግ ለሳርሚየንቶና ለሚትሬ 409፣ ለሮካ 300 አዳዲስ የኤሌክትሪክ ፉርጎዎች አዘዘ። የመጀመሪያዎቹ በ2014 ሥራ ጀመሩ። በ2015 የወጣ ሕግ ባቡሮቹን ወደ መንግሥት መለሰ፤ ሰሜን ቤልግራኖና ኡርኪሳ ግን በቀድሞ ኩባንያዎቻቸው እጅ ቀጠሉ።

አዲስ ፉርጎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመረመረው የመሳፈሪያው መድረክ ነው። የፉርጎው ወለልና የመድረኩ ከፍታ ካልተስማሙ አዛውንትና ባለ ተሽከርካሪ ወንበር አይሳፈሩም፤ ሌላውም ሰው ደረጃ ሲወጣ ባቡሩ በየጣቢያው ይዘገያል። የሳን ማርቲን መስመር አዲሶቹን የቻይና ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ሲቀበል መድረኮቹ ከፍ ተደርገው እንዲሠሩ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ኃይሉ ነው። አዲሶቹ ፉርጎዎች አየር ማቀዝቀዣ አላቸው፣ ሲነሱም የሚስቡት ኃይል ከፍ ያለ ነው። በ800 ቮልት ሥርዓት ውስጥ ቮልቴጁ ዝቅተኛ ስለሆነ ከረንቱ ይበዛል፤ ማከፋፈያ ጣቢያዎቹ ካልተጠናከሩ ብዙ ባቡር በአንድ ጊዜ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ባቡሮቹን እንደ ታሰበው ማቀራረብ አይቻልም።

ከሁሉ የከበደው ግን መኪናና ባቡር የሚያቋርጡበት ቦታ ነው። ሳርሚየንቶ ከኦንሴ እስከ ሞሬኖ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በከተማው መሃል በምድር ላይ ያልፋል። በየሦስት ደቂቃው ባቡር ይኑር ቢባል በሁለቱም አቅጣጫ በሰዓት 40 ባቡር ያልፋል። ለእያንዳንዱ መዝጊያው አንድ ደቂቃ ቢዘጋ፣ አንዳንዶቹ አንድ ላይ ቢያልፉ እንኳ መንገዱ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ይዘጋል። አምቡላንስም አውቶቡስም ይቆማል፤ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰውም በመዝጊያው ሥር ያልፋል። ስለዚህ ማቋረጫው እስካልተነሳ ድረስ የቱንም ያህል ባቡር ቢገዛ አገልግሎቱ ከተወሰነ ልክ በላይ አይጨምርም። መስመሩን በዋሻ ለማሳለፍ ቁፋሮ ተጀምሮ ገንዘብ ሲያጥር ቆመ። በ2019 የተከፈቱት የሚትሬና የሳን ማርቲን የድልድይ መስመሮች ግን ተሳክተዋል፤ የሳን ማርቲኑ ብቻ በ5 ኪሎ ሜትር ርዝመት 11 ማቋረጫዎችን አስቀርቷል።

አሁን እንደገና ለግል?

በ2024 የወጣው ሕግ የመንግሥቱን የባቡር ድርጅት ወደ ግል ከሚዛወሩት ተርታ አስገብቶታል። በዚያው ዓመት ግንቦት 10 በፓሌርሞ ድልድይ ላይ የሳን ማርቲን ባቡር በመስመሩ ላይ ከቆመ ባቡር ጋር ተጋጭቶ 90 ያህል ሰው ቆሰለ። የሠራተኛ ማኅበሩ የምልክት ገመዱ ተሰርቆ ለቀናት ሳይተካ ቆይቷል ሲል ከሰሰ። መንግሥት በሰኔ ለ24 ወር የባቡር አስቸኳይ ጊዜ አወጀ።

አዲስ ውል ሲጻፍ ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት የትኬቱ ገቢ የማን ነው የሚለው ነው። ገቢው የኩባንያው ከሆነ ተሳፋሪ ሲቀንስ ወይም ታሪፍ ሲታገድ ጉዳቱ በቀጥታ ጥገናው ላይ ያርፋል። ሜልበርን በ1999 በዚህ መንገድ ሄዳ፣ ከሁለቱ ባቡር አንቀሳቃሾች አንዱ የሆነው ናሽናል ኤክስፕረስ በ2002 መጨረሻ ጥሎ ወጥቷል። ለንደን ግን በ2007 ኦቨርግራውንድ የተባለውን መረብ ስታቋቁም የገቢውን አብዛኛውን አደጋ የከተማው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያዘ፤ ኩባንያው የሚከፈለው በተስማማበት ዋጋ፣ እንደ አገልግሎቱ ጥራት ነው። መንግሥት ታሪፍን ለፖለቲካ ምክንያት ሊያግድ በሚችልበት አገር ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው፤ የታሪፉን ውሳኔ የሚወስነው አካል ጉዳቱንም ይሸከማል።

ሁለተኛው የምንዛሬ ጉዳይ ነው። ይህን የአዲስ አበባ ሰው በቅርብ ያውቀዋል። በ2015 በቻይና ብድር የተከፈተው ቀላል ባቡር ትኬቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፤ መለዋወጫው ግን በውጭ ምንዛሬ ነው የሚገዛው። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ የቆሙት መለዋወጫ በማጣት ነው። በብር ወይም በፔሶ የሚሰበሰብ ገቢ በዶላር የሚገዛ ዕቃን እንዲሸፍን የሚጠብቅ ውል የምንዛሬው ዋጋ ሲቀየር ይፈርሳል። መውጫው በውሉ ውስጥ ለመለዋወጫ የሚውል የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ ለይቶ መክፈት፣ ቶሎ የሚያልቁትን ዕቃዎች (የፍሬን ሸራ፣ የአየር ማኅተም ጎማ፣ ቤሪንግ) ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚበቃ አድርጎ መጋዘን ማስገባት ነው።

ሦስተኛው ልኬቱ ነው። ከሰዓት አክባሪነት ጎን ለጎን በየወሩ መመዝገብ ያለባቸው ቁጥሮች አሉ፦ ስንት ፉርጎ ፍሬኑ ተዘግቶ ይሄዳል፣ ጋኑ ከባዶ እስኪሞላ ስንት ደቂቃ ይወስዳል፣ የጎማው ብረት ስንት ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፣ ስንት ፉርጎ የከባድ ጥገና ጊዜው አልፎበታል። ለካኪው በኩባንያው የማይከፈል መሆን አለበት። ከልክ ያለፈውን ፉርጎ ያለ ማንም ፈቃድ በዚያው ቀን ከመስመር የማውጣት ሥልጣንም ሊሰጠው ይገባል።

የመጨረሻው የርክክቡ አንቀጽ ነው። ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀረው ኩባንያው በሚያስረክበው ንብረት ላይ ገንዘብ ማውጣት ያቆማል፤ ፍሬውን የሚበላው ተከታዩ ነውና። ስለዚህ የጋራ ምርመራው ሦስት ዓመት ቀድሞ መጀመር አለበት፤ ከየወሩ ክፍያ ላይም የተወሰነ ገንዘብ ተይዞ ጉድለቱ ሲስተካከል ብቻ ይለቀቃል። ለአንድ ፉርጎ የሚደረገው ከባድ ጥገና ወራት ይፈጃል፤ አንድ ጋራዥም በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነው። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው የተጀመረ ምርመራ ጉድለቱን ይመዘግባል እንጂ አያስጠግንም።